አልለቅ ያለ አንገት

ሰኞ፣ ግንቦት 4። ጧት

ማንኪያ በግራ እጅ። አጥሚቱ ነጠላዬ ላይ ፈሰሰ። ምራቴ ወይንሸት አየች፤ እንደ ሕፃን በጨርቅ ጠረገችልኝ። ይህ ይበልጥ አናደደኝ።

ስለ ጽሕፈቴ ይቅርታ፣ ማስታወሻዬ። ዕድሜ ልኬን የሰው ልጅ ፊደል ሳርም ኖሬ የራሴ እንዲህ ተንጋደደ። የቀኝ አውራ ጣቴና ጠቋሚዬ ደንዝዘዋል፤ እርሳሱን መያዜን የማውቀው በዓይኔ ነው። ሕመሙ ከአንገቴ ይነሳና በትከሻዬ አድርጎ እንደ ጋለ ሽቦ ይወርዳል። ሐኪሙ ፎቶውን እያሳየ፣ የአንገቴ አጥንት አርጅቶ ነርቩን ተጭኖታል አለ። መጀመሪያ በመርፌና በማሸት ይሞከር፤ እጄ እየደከመ ከሄደ ግን አዲስ አበባ፣ ቀዶ ጥገና።

ከታመምኩ ወዲህ ደብረ ብርሃን፣ ልጄ ደረጀና ወይንሸት ቤት ነኝ። ደረጀ ከሥራ ቦታው ከአዋሽ ደወለ። አንኮበር ያለው ቤቴ ክረምቱን ባዶውን ከሚያድር ይከራይ ይላል። እንደ እሱ አባባል ብቻዬን መኖር አልችልማ! ያንን ቤት በመምህርነት ደመወዜ ነው የሠራሁት፤ እያንዳንዱን በር አውቀዋለሁ። የራሴን ጠጉር በራሴ እጅ ያበጠርኩ ዕለት ወደ ቤቴ እመለሳለሁ፣ እስከዚያ ማንንም እንዳታስገባ አልኩት። ክረምት እስኪገባ ብቻ እጠብቃለሁ አለኝ።

ለጊዜው ክንዴ ከትከሻዬ አያልፍም። ሻሽ አስሬ እውላለሁ። ከሥሩ ያለውን ማንም አያይም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

የመርፌው መጀመሪያ ቀን። ባለሙያው ሲሳይ ይባላል፤ የእነዋሪ ልጅ፣ እጁ ሰፊ፣ አፉ የማያርፍ። ቲቸር ብሎ ጠራኝ። መምህርት ወይም ወ/ሮ አበበች በል አልኩት። «እሺ ቲቸር» አለ።

መርፌዎቹ መድኃኒት የሌላቸው፣ እንደ ጠጉር የቀጠኑ ናቸው። አይወጉም ማለት ይቻላል፤ ከገቡ በኋላ ግን አንድ ከባድ ነገር ይሰማል። በአውራ ጣቴና በጠቋሚዬ መካከል የተተከለው እስከ ክርኔ ድረስ ነዘረኝ። በአልጋው ቀዳዳ ፊቴን ደፍቼ የሲሳይን ጫማ ሳይ ቆየሁ። ማሰሪያው ተፈትቷል። ነገርኩት። አጎንብሶ አሰረ።

ከዚያ ማሸቱ። በጀርባዬ አስተኝቶ ሁለት እጁን ከጭንቅላቴ ሥር አስገባና ይልቀቁት፣ ይዤዋለሁ አለ። ለቅቄዋለሁ አልኩ።

«ቲቸር፣ አሁን እኮ የያዙት እርስዎ ነዎት። እኔ እጄን ባነሳ እዚያው አየር ላይ ይቀራል።»

እጁን አነሳ። እውነትም ቀረ። እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

እንቅልፍ የለም። ትራስ ላይም ልለቀው እየሞከርኩ ነው፤ አንገቴ አልጋ ላይ ሆኖ እንኳ ዘብ ይቆማል። የአዳሪ ት/ቤታችን ኃላፊ ትዝ አለችኝ። ጀርባችንን ወንበር ላይ የተደገፍን እንደሆነ መጥታ ወንበሩን ትወስደው ነበር። ትምህርቱን ቆመን እንጨርሳለን። ወንበሬ የተወሰደብኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛ አልተደገፍኩም።

ጎረቤታችን አንድ ወጌሻ አውቃለሁ፣ አንድ ጊዜ ቀጭ ያደርገውና ይለቅሻል አለችኝ። ሲሳይ አንገቴን ማንም እንዳይጠመዝዘው አስጠንቅቋል። በዚህስ እስማማለሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

መርፌ። ማሸት። ለውጥ የለም። ሲሳይ ዛሬ አልቀለደም፤ ይህ ደግሞ አስፈራኝ። እንዲህ ገትሬ ከያዝኩት ጡንቻው ነርቩን ይበልጥ ያፍነዋል ይላል። የት ይማሩታል መልቀቅን? አልጠየቅሁትም።

ማታ ወይንሸት ላይ ጮህኩ። ሙዚቃ ከፍታ ነበር። ዘጋችው፤ ይቅርታ እማማ አለች። ከዚያ በኋላ ቤቱ ጭር ሲል እሱም አልተመቸኝም።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ራሴን እያሳከከኝ ነው ያነጋሁት። ሻሼ ወልቆ ሳለ ወይንሸት ከፋብሪካ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ገባች። በሩ ላይ ቆማ አፈጠጠች።

«እማማ፣ ይሄ ጠጉር ነው ያልተሸለተ የመንዝ በግ? ፋብሪካ ብወስደው እኮ አንድ ብርድ ልብስ ይወጣዋል!»

አፍሽን ያዢ አልኳት። አልያዘችም። ዱካ አምጥታ ተቀመጠች፤ ከፊቷ ትራስ ጣለች፤ ጉልበቷን መታ መታ አደረገች። ሌሊቱን ቆመሽ አድረሻል፣ ሂጂ ተኚ አልኩ። እርስዎም ሳይተኙ ነው ያደሩት፣ ግድግዳው ይሰማል አለች። እከኩም ባሰብኝ። ተቀመጥኩ።

ቀሚሷ የሱፍ ብናኝ ይሸታል። ጭንቅላቴን ጉልበቷ ላይ አደረግሁ፤ ማለት አስጠጋሁ እንጂ አላሳረፍኩም። በመዳፏ ጫን አደረገችው። «ኧረ ይጣሉት፣ አልበላዎትም» አለች። ከጫፉ ጀምራ ትፈታ ጀመር። ቢያመኝ ልቆጣት ተዘጋጅቼ ነበር። አላመመኝም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አላውቅም።

ስነቃ ፀሐይ መስኮቱን አልፋለች። ምራቄ ቀሚሷ ላይ ወርዷል፤ ምን ዓይነት ውርደት። ጠጉሬ ተፈትቶ፣ ግማሹ ተጎንጉኗል። ወይንሸት ግድግዳ ተደግፋ፣ ዓይኗ ቀልቶ ቁጭ ብላለች። ለምን አልቀሰቀስሽኝም አልኳት። ለመነሳት ሞከረችና ተመልሳ ተቀመጠች።

«አሁን ደግሞ የደነዘዝኩት እኔ ነኝ» ብላ እግሯን እየመታች ሳቀች።

እናቴ ወደ አዳሪ ት/ቤት ልትሸኘኝ ስትል ጎንጉናኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማንም ጉልበት ላይ አልተኛሁም።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

የመርፌው ቀን ከረቡዕ ወደ ሰኞ ተዛውሯል። ሲሳይ እጁን ከጭንቅላቴ ሥር አስገባ። ጭንቅላቴን ቀስ ብሎ መዘነው። ከዚያ፣ ዛሬ ማንን ነው የላኩልኝ፣ ባለፈው ሳምንት የነበሩት ሴትዮ የት ሄዱ አለ። ሥራህን ሥራ አልኩት።

ሲጨርስ ሽቦው ክርኔ ላይ ቆመ፤ ወደ ጣቶቼ አልወረደም። አጥንቱ አዲስ አይሆንም ብሎ በግልጽ ነገረኝ። ነርቩ ግን ሊያርፍ ይችላል። ከባድ አላነሳም። እግሬ ከከዳኝ ወይም እጄ ከተባባሰ በቀጥታ ሆስፒታል። እንዲህ ያለ ያልተቀባባ ንግግር ደስ ይለኛል።

ሰኞ፣ ግንቦት 25

መጥፎ ቀን። ዝናብ፣ ብርድ፣ ሽቦው እስከ ጣቴ። ደከመኝ። መዳኑ ራሱ ሥራ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ሌላ ሥራ አልፈልግም ነበር። ደረጀ ደውሎ ተከራይ ተገኝቷል አለ፤ ጸባየ ሸጋ የመንግሥት ሠራተኛ። መልስ በሳምንቱ መጨረሻ ይፈልጋል። ጸባዩ ሸጋ ከሆነ መጠበቅም ይችላል አልኩት።

ትናንት ወይንሸት እንደገና ጎነጎነችኝ። አልተኛሁም፤ ግን ጭንቅላቴን አልያዝኩም። ስለ ሀገሯ ስለ ወሎ፣ ስለ እናቷ አወራችኝ። ለካ ሦስት ዓመት አላየቻትም። በአንድ ቤት ውስጥ ሆኜ አልጠየቅኋትም።

ዓርብ፣ ግንቦት 29። ከቀትር በኋላ

ማንም ቤት የለም። ማበጠሪያውን በቀኝ እጄ ያዝኩ። ጆሮዬ ጋ ደረሰ። ተንቀጠቀጠ። አረፍኩ። እንደገና አነሳሁ፤ መሐል አናቴ። ከወይንሸት ጉንጉን ያመለጠችውን አንዷን ዘለላ አበጠርኩ። ዘገምተኛ፣ ጠማማ፣ ግን በራሴ እጅ።

ለደረጀ ደወልኩ። ቤቱ አይከራይም። አበጠርሽ ወይ አለኝ። አበጠርኩ። ብቻሽን ምን ልትሆኚ ነው እማዬ አለ። በየሳምንቱ ለመርፌ ወደ ደ/ብርሃን እወጣለሁ፣ እዚያው እናንተ ጋ አድራለሁ፣ ውኃ የምትቀዳልኝ ሰው እይዛለሁ አልኩት። ለወይንሸት እኔ እነግራታለሁ፣ አንተ ዝም በል አልኩ።

እሑድ፣ ሰኔ 1። ጰራቅሊጦስ

ልብሴን አጥፌ አስቀምጫለሁ። ማክሰኞ በአንኮበር መኪና እሄዳለሁ። ዝናቡ ሳይበረታ ጣሪያውን ማሳየት አለብኝ።

ለወይንሸት አልነገርኳትም። ዓርብ የሌሊት ተራ ነበራት። ትናንት ደክሟት ነበር። ምክንያት አይጠፋም።

አሁን ለጠጉሬ ቅቤ እያቀለጠች ነው። ዱካው ወጥቷል፣ ትራሱም። ነገ የሐዋርያት ጾም ይገባል፣ ቅቤው ዛሬ ካልሆነ አይሆንም እያለች ከጓዳ ትጣራለች። ደግሞ በጓ ልትሸለት ነው ትላለች፣ ባለጌ።

ክንዴ ዛሬም ይነሳል፤ ጧት ሞክሬዋለሁ። በራሴ የምችለውን ሰው ሲሠራልኝ ዝም ብዬ አይቼ አላውቅም። የመጨረሻውን ጉንጉን ስትጨርስ እነግራታለሁ። በየሳምንቱ እሑድ እንደምመጣም፣ መርፌው ሰኞ ሰኞ ስለሆነ...

እየጠራችኝ ነው። መጣሁ አልኳት።