ከዳኑብ መልስ ለሰይድ፤ ስለ ተሰረቁት አምስት ቀናት

ሰይድ፣ አንተ ግትር ሽማግሌ፣

እነሱ እንደሚቆጥሩት ከሞትክ ዛሬ ሠላሳ አንድ ቀንህ ነው። እኔ ዘንድ ግን የሞትከው የዛሬ ሃያ ስድስት ቀን ነው። መሀል ላይ አምስት ቀን ጎድሏል። የወሰዱብኝ የእኔ ልጅ ዘይነብና የአንተው አብዱ ናቸው። ሰርቀው ሲያበቁ ደግሞ ምን አሉኝ መሰለህ? "አባዬ፣ ኢንጆይ እንድታደርግ ብለን እኮ ነው።" ኢንጆይ! ይህችን ቃል በቤቴ የሚያነሳ ሰው ጫማውን አድርጎ ይውጣ ብያለሁ። የልጅ ልጆቼ ፈርተው "ፈን" ማለት ጀምረዋል።

ተናድጃለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ያህል መናደድ እንደምችል አላውቅም ነበር። ብትኖር "ስኳርህን ተለካ" ትለኝ ነበር። ተለክቻለሁ፤ እሱም ተናዷል።

የባሰው ደግሞ ይህ ነው፤ ደሴ ያለችው እህትህ እትዬ ፋጡማ መሞትህን እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አልሰማችም ነበር። በእኔ ላይ ያደረጉትን በእሷም ላይ ሲደግሙት ከረሙ፤ ቀጥሎ ደግሞ በእኔ አፍ ሊያደርጉት ነበር። እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን የላክኸኝን መልእክት ላድርስ።

ልጆቹ ለሽርሽር ከሰደዱኝ ከዳኑብ ወንዝ መርከብ ላይ አሥራ አራት ጊዜ በድምፅ ልኬልሃለሁ። አንዱንም ማንም አልሰማውም። አንተ አልሰማህ፤ ያን ሰሞን ስልክህን የያዘችው ዘይነብም "ድምፅህን መስማት አቃተኝ" ብላ ሳትከፍታቸው ቀረች። ያ ሁሉ ወሬ ሜዳ ላይ እንዳይቀር አሁን በእጄ እጽፈዋለሁ። ቃል ቃል ነው። ፓይን ሌክ፣ ያቺ ሀይቅ የሚሏት ኩሬ ዳር ተቀምጠን፣ ዳክዬዎቹን እየተሳደብክ "አንተ ቀድመህ ሂድና ሰልል፤ ምን እንደሚጠብቀን አጣርተህ ና፤ በሚቀጥለው ዓመት ጉልበቴ ሲሻለው አብረን እንሄዳለን" ያልከኝ አንተ ነህ። ልጆቹ ለሁለታችንም ትኬት ቆርጠው ነበር። አንተን የከለከለህ ሐኪሙ ነው። ለሰው ሁሉ ጉልበቴ ነው እያልክ አወራህ እንጂ ሐኪሙ ያየው ልብህን ነበር። መደበቅ አንተም ዘንድ ነበረች ለካ።

እንግዲህ ስማ። መርከቡ አይናወጥም። ባሕር አይደለም፣ ወንዝ ነው፤ ሻይህን እስከ አፉ ሞልተህ ብትተወው ጠብ አትልም። ለማቅለሽለሽ ብለህ ያስያዝከኝን ሎሚ እንዳለ መልሼዋለሁ። ድልድዮቹ ዝቅ ያሉ ስለሆኑ መርከቡን ወደ ላይ አልሠሩትም፤ በጎኑ የተኛ ፎቅ አድርገህ አስበው። ጣራው ላይ ወንበር አለ። ድልድይ ሲቃረብ "ቁጭ በሉ!" ይላሉ። እኔ ቁመቴን ታውቀዋለህ፣ ቆሜ አለፍኩ። አንተ ብትሆን ኖሮ ራስህ ቡዳፔስት ይቀር ነበር።

ክፍሉ አንተ ኤርፖርት ከምትመላለስባት ቫን ብዙም አይሰፋም። ውዱእ ልታደርግ እግርህን መታጠቢያው ላይ ስታወጣ ክርንህ በሩን ይከፍተዋል። ከተማ ሲደረስ መርከቦቹ ጎን ለጎን ይታሰራሉ። አንድ ጠዋት መጋረጃዬን ስገልጥ፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው ያህል ቅርብ፣ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ በጎረቤት መርከብ መስኮት በውስጥ ሱሪ ቆሞ ጥርሱን ይቦርሻል። ሰላም አልኩት። ብሩሹን አንስቶ ሰላም አለኝ። ወደ መሬት የሚወጣውም በዚያው በጎረቤት መርከብ ሳሎን ውስጥ ታልፎ ነው። "ቤቶች!" እያልኩ አለፍኩ፤ የመለሰልኝ የለም።

ስለ ቂብላው ሦስት ጊዜ ጠይቀኸኝ ነበር። የስልኬን ቀስት ይዤ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቆምኩ። ፋቲሃን ጨርሼ ሩኩዕ ስወርድ ወንዙ ታጠፈ። ቀና ስል ቀስቱ ወደ ጀርባዬ ያመለክታል። ዞርኩ። ወንዙም መልሶ ዞረ። ሁለት ቀን እንዲህ ስንዞር ከረምን። በሦስተኛው ቀን በጀመርኩበት ጨረስኩ፤ ወንዙን ያጠፈው እሱ ነው፣ እሱ ያውቃል።

ምግቡን በተመለከተ፣ አሳማ አልበላም ብለህ በመጀመሪያው ቀን ትነግራቸዋለህ። ያከብሩሃል። ክብሩ ግን አሣ ነው። አሣ በቁርስ፣ አሣ በምሳ፣ አሣ በእራት። ስምንተኛው ቀን ላይ እኔው ራሴ ልዋኝ ምንም አልቀረኝ።

ከተማ ስትወርድ ጆሮህ ውስጥ ትንሽ መስሚያ ይከቱልሃል፤ አንዲት ልጅ ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ አንስታ ፊት ፊት ትሄዳለች። ሽንት ቤት ገብቼ እንኳ ጆሮዬ ውስጥ ስለ አንድ ንጉሥ ሠርግ ትተርክልኝ ነበር። መንገዱ ሁሉ ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ ለጉልበትህ፣ ይቅርታ፣ ለልብህ አይሆንም። ቀስ ለሚሉ ሰዎች ለብቻ ቡድን አላቸው፤ እዚያ ግባ። እኔ በኩራቴ ከፈጣኖቹ ጋር ገብቼ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተቀምጬ ቀረሁ።

ቆይ፣ "ግባ" እልሃለሁ ደግሞ። ይኸው፣ እስካሁን እጄ አላመነም።

ስለ ውሃ በሩም ልንገርህ። ወንዙ ሽቅብ በደረጃ ነው። መርከቡ በሁለት ግንብ መሀል ይገባል፤ ከኋላው የብረት በር ይዘጋል፤ ከዚያ ከሥር ውሃ ይሞላና መርከቡን ከነሰዎቹ ቀስ አድርጎ ያነሳዋል። ድምፅ የለውም። እርጥቡ ግንብ አጠገብህ ቁልቁል ይወርዳል፤ የምትወጣው ግን አንተ ነህ። ረቡዕ ዕለት እራት በልተን ጣራው ላይ ሆኜ "ሰይድ፣ ያለ ደረጃ ፎቅ ወጣሁልህ!" ብዬ ላክሁልህ። በኋላ ሰዓቱን አስተያየሁት። እዚህ አትላንታ ከዙህር ሶላት በኋላ ነበር። እኔን ከነመርከቤ ወደ ላይ ሲያነሱኝ አንተን ወደ ታች እያወረዱህ ነበር።

ማክሰኞ ንጋት፣ ከሱብሒ በኋላ፣ ከመስገጃህ ሳትነሳ ሄድክ። አብዱ ቁርስ ይዞ ሲገባ ነው ያገኘህ። ረቡዕ ቀበሩህ። ለምን አልነገራችሁኝም ስላቸው አብዱ አንገቱን ደፍቶ "ጋሼ፣ እርስዎ ቢሰሙም አይደርሱም ነበር፤ ጀናዛ ደግሞ አይቆይም" አለኝ። ጀናዛ አይቆይም፣ እሺ። ወሬ ግን ይቆያል? እዚያው ጣራ ላይ ቆሜ እሰግድልህ ነበር። ለራቀ ሟች የሚሰገድ ሶላት አለ። ሠላሳ ፈረንጅ ቢያየኝስ? ቂብላው ቢጠፋኝስ? እየዞርኩ እሰግድልህ ነበር!

የአውራ ጣቱን ነገር አላነሳም ብዬ ነበር። ላነሳው ነው። ሐሙስ ዕለት ዝምታህ አናደደኝና "ምነው ድምፅህ ጠፋ? ሞትክ እንዴ፣ አንተ ሽማግሌ?" ብዬ በጽሑፍ ላክሁልህ። መልስ መጣ። ቢጫ አውራ ጣት፣ ወደ ላይ የቆመ። ሳቅኩ፣ ሰይድ። ሻዬ እስኪፈስ ሳቅኩ። አንተ በሕይወትህ እንዲህ ያለ ጣት ልከህ አታውቅም፤ ይኸው ቀልድ ተማረ ብዬ ደስ አለኝ። ጣቱን የላከችው ዘይነብ ናት። እንዳልጠረጥር ብላ ሳታነብ ነው የተጫነችው። ልጄን እወዳታለሁ። ያን ጣት ግን እስከ ዛሬ ዓይኔን ስከድን አየዋለሁ።

ኤርፖርት መጥታ ስታቅፈኝ አልለቅም አለች። "ስምንት ቀን ነው የሄድኩት፣ ከሐጅ የተመለስኩ አስመሰልሽው" ብዬ ቀለድኩባት። እስከ ሰፈራችን እስከ ኖርክሮስ ድረስ ስለ አሣው ሳወራላት አንገቷን ብቻ ትነቀንቃለች። ቤት ስንደርስ ፓርክ የምታደርግበት ቦታ ጠፋ። ደጃፌ ላይ ጫማ ተከምሯል። ለእኔ ሰርፕራይዝ ያዘጋጁ መሰለኝና ፈገግ ብዬ ገባሁ። ፈገግ ብዬ! ሽማግሌዎቹ ሁሉ ተነስተው ቆሙ። አንዳቸውም ዓይኔን አላዩኝም።

የሰፈሩን ወሬም ልንገርህ። መስጊድ ውስጥ እኛ ጉልበተ ሰባሮቹ የምንሰግድባት የወንበር ረድፍ ላይ ወንበርህን አንድ ሶማሌ ሽማግሌ ይዞታል። ጥሩ ሰው ነው፤ ጠልቼዋለሁ። በረንዳህ ላይ ያለው ቲማቲም አፍርቶ አጎንብሶ ነበር፤ የሚለቅመው ጠፍቶ ሽኮኮ ጨረሰው። ዳክዬዎቹ ደህና ናቸው፤ የሚሰድባቸው አጡ እንጂ።

አሁን የማላመልጠው ነገር አለ። እናትህ ደሴ ሲሞቱ ለሦስት ሳምንት የደበቅኩህ እኔ ነበርኩ። የዜግነት ፈተናህ ደርሶ ነበር፤ ልብህ እንዳይሰበር ብዬ ነው። ሲነገርህ ሁለት ወር ዘጋኸኝ። "ለቅሶዬን ሰረቅከኝ" አልከኝ። እኔ ምን አልኩህ? "ዜግነቱን አገኘህ አይደል!" ስንት ዓመት ሙሉ ያን እንደ ውለታ ቆጥሬ ኖርኩ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅር ብለኸኝ ነበር። ምን ይቅር እንዳልከኝ ያልገባኝ እኔ ነኝ።

እትዬ ፋጡማ እንደምታውቀው ዘወትር ዓርብ በስልክህ ትደውላለች። አራት ጁምዓ ሙሉ አብዱ እያነሳ "አባቴ ተኝቷል" አላት። ባለፈው ሳምንት ልትጠረጥር መሰላቸውና ሁለቱ ተማክረው እኔ ዘንድ መጡ። ወጣት ሳለን ድምፅህን አስመስዬ እየደወልኩ በሶ አስልካት እንደነበር አንተ ነህ የነገርካቸው። "አባዬ፣ አንዴ ብቻ፤ ደህና ነኝ በላት። የደም ግፊት አለባት" አለችኝ ዘይነብ። እኔን! የሰይድን ድምፅ! ከዘራዬን ያነሳሁ መሰለኝ። የት እንዳስቀመጥኩት እንኳ ትዝ አይለኝም።

ትናንት ደሴ ላለው ልጇ ደወልኩና ከጁምዓ በኋላ ሁለት ሽማግሌ ይዞ አጠገቧ እንዲሆን ነገርኩት። ዛሬ ጠዋት ስልክህ ሲጮህ ከአብዱ እጅ ወሰድኩት።

"ሰይድ?" አለች።

እውነቱን ልንገርህ፤ ድምፅህ ጉሮሮዬ ላይ ተዘጋጅቶ ቆሞ ነበር። አንድ "እህቴ" ብል አንተ ለአንዲት ሳምንት ትኖር ነበር። እኔም እሰማህ ነበር።

"እትዬ፣ ይማም ነኝ። ሰይድ ሞቷል" አልኩ።

ጩኸቷን አልጽፍልህም። ያንተ ነው፤ የደረሰህ ይመስለኛል። ሽማግሌዎቹ ሲይዟት ይሰማኛል። ወደ ስልኩ ስትመለስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ቀብሩ ላይ ነበርክ?"

"አልነበርኩም።"

"የት ሄደህ?"

"መርከብ ላይ። እኔም በኋላ ነው የሰማሁ።"

"አይ ይማም፣ አንተም እንደኔ ነሃ" አለችኝ። ከዚያ ሁለታችን አለቀስን፤ እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ እንደ ቀብር ቀን። አብዱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አራት ጁምዓ "ተኝቷል" ሲል የኖረ ልጅ ከወገቡ ታጥፎ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ያኔ ገባኝ፤ ለቅሶው የተሰረቀው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እሱ የራሱን ሰርቆ ነበር። አልታረቅኳቸውም፣ እንዳይመስልህ። ውሃ ግን ሰጠሁት።

እትዬ ፋጡማ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት አዘዘችኝ። "መቃብሩ ላይ ሄደህ ንገረው፤ ፋጡማ ሰምታለች፣ አልቅሳለችም በለው።" ነገ እመጣለሁ። አብዱ ይነዳል፤ እሱ መኪናው ውስጥ ይጠብቃል፤ እኔ ጮክ ብዬ እነግርሃለሁ።

ማስታወሱን በተመለከተ የምገባልህ ቃል ይህ ነው። ገበያ ላይ፣ መስጊድ ደጃፍ፣ "ሰይድስ?" የሚለኝ አይጠፋም። ተኝቷል አልልም፤ አልተመቸውም አልልም። ሞቷል እላለሁ፤ ከዚያም አስቀምጬ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርክ እስኪሰለቸው እነግረዋለሁ፤ ግትርነትህን ጭምር። እስትንፋሴ እስካለች ድረስ እንዲህ ነው የማደርገው። ሞተሃል፤ ወዳጄም ነህ። ሁለቱንም ከማንም አልደብቅም።

ይማም