ፎርኬላው ወደ ኋላ የዞረው ባለ ወፍራም ጎማ ብስክሌት

ለክቡር ሚስተር ክሬግ ሁፍስታድ
በዋናው መንገድ ዳር የሚገኘው የቅናሽ መደብር ሥራ አስኪያጅ
ኤልም ፖይንት፣ ሰሜን ሚኔሶታ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ በተለይም አጥንትዎ ሁሉ በየቦታው ያለ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ኦርቪል ላምፒ እባላለሁ፤ በዚህች ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት ብስክሌት ስጠግን ኖሬአለሁ። በአሻንጉሊቱና በውሻ ምግቡ መካከል ደርድረው የሚሸጧቸው ባለ ወፍራም ጎማ ብስክሌቶች ከመጡ ወዲህ ሥራ ፈትቼ ስለማላውቅ፣ ውለታዎን የምገልጽበት ቃል አጥቻለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጎማው እናመሰግናለን። በእውነት ወፍራም ነው። ከጎማው በላይ ያለው ሁሉ ግን ያቅለሸልሻል፤ ፍሬኑ ይጮኻል እንጂ አይይዝም፣ ብሎኑ በጣት ይፈታል፣ ብረቱም በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ገና ሳይነካው ይዝጋል።

ሁለተኛ፤ ስለ ወይዘሮ ሎርና ኬቶላ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ሎርና ጎረቤቴ ናት፣ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ባለቤቷ አርኒ ሐይቁ ማዶ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ተኝቷል፤ አእምሮው ከደከመ ወዲህ ከእሷ እጅ ካልሆነ አንድ ማንኪያ አይቀምስም። አሮጌ መኪናዋን ዝገት ስለጨረሰባት፣ በየቀኑ ለምሳ ሰዓት በበረዶው ላይ ሄዳ እንድታጎርሰው ከእርስዎ ዘንድ ብስክሌት ገዛች። በሦስተኛው ቀን የቤተ ክርስቲያኑን ቁልቁለት ስትወርድ መሪውን ገና ጠምዘዝ ከማድረጓ የጫማዋ ጫፍ ከፊት ጎማው ጋር ተላተመ፣ ወደቀች፣ የቀኝ እጇ አንጓም ተሰበረ። የፊት ጎማውን አቅፎ የሚይዘው ፎርኬላ ወደ ኋላ ዞሮ ተገጥሞ ጎማውን ወደ እግሯ አስጠግቶት ነበራ! ክቡርነትዎ ግን በስልክ ስትነግርዎ፣ "እማማ፣ አነዳድዎ ላይ ይሆናል፤ በዚህ ዕድሜ ብስክሌት ምን ያደርግልዎታል?" ብለው አጽናንተዋታል። አርኒ አራት ቀን ሙሉ አፉን ገጥሞ ዋለ። በአምስተኛው ቀን እኔ በመኪናዬ አደረስኳት፣ በግራ እጇም አጎረሰችው።

ሦስተኛ፤ ይህን ሳይ ደሜ ፈልቶ ወደ መደብርዎ መጣሁ። አሥራ አንድ ብስክሌት ቆሟል፤ አሥራ አንዱም ፎርኬላው ወደ ኋላ የዞረ ነው። አንዱ ቢሆን ስህተት ነው እል ነበር። በዚያ የምትሠራውን ልጅ ብጠይቃት፣ "ኧረ ጋሼ፣ ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶም እኮ እንደዚሁ ነው! እኛ እሱን አይተን ነው የምንገጥመው" አለችኝ። ቀና ብዬ ባይ እውነቷን ነው፤ ግድግዳውን በሚያክል ፎቶ ላይ፣ ዞሮ በተገጠመ ብስክሌት ላይ ተቀምጠው ፈገግ ያሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት። እፍረት የሚባለው ነገር በመደብርዎ በየትኛው መደርደሪያ እንደሚገኝ ቢጠቁሙኝ መልካም ነበር።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን ሎርና ለምሳው ሰዓት መኪናው ውስጥ እየጠበቀችኝ ነው።

ስለ ሰው አጥንት ያለዎት ደንታ ቢስነት ከልብ እያስገረመኝ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣

ኦርቪል ላምፒ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በመጪው ቅዳሜ የበረዶ በዓሉን ሰልፍ በመደብርዎ የዕቃ ማሳያ መስኮት ባቆሙት ቀይ ብስክሌት እንደሚመሩ ሰማን፤ ሰልፉም በዚያው በቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁለት ይወርዳል። እኔ ሲወድቁ በደስታ ለማየት አስቤ ነበር። ሎርና ግን እጇ በጄሶ ታስሮ፣ "ተው አንተ! እሱም ቤቱ የሚጠብቀው ሰው ይኖረዋል፤ ሂድና አስተካክልለት" ብላ አላስቀምጥ አለችኝ። ስለዚህ ትናንት እኩለ ቀን ላይ መፍቻዬን ይዤ ማሳያ መስኮትዎ ውስጥ ገባሁ፣ ብሎኑን አላልቼ ፎርኬላውን አዞርኩት፣ አጥብቄም ወጣሁ። የፈጀብኝ አራት ደቂቃ ነው። ሦስት ሠራተኞችዎና እርስዎ ራስዎ በአጠገቤ አለፋችሁ፤ ምን እየሠራህ ነው ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።