በደጃችን የሚቆመው መኪና

ለተወደድሽው ባለቤቴ ለጥሩወርቅ፤

እግዚአብሔር ነፍስሽን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልኝ። ከተለያየን ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ገባ። እዚህ እስራኤል አገር፣ ከአፉላ ኢሊት ቁልቁል የሚታየው ሜዳ በዝናቡ ለምልሟል። አልጋሽን ልጃችን ዘውዲቱ ወሰደችው፤ እኔም ባዶ ቦታውን ላለማየት ወንበሬን አስጠግቼ ጸሎቴን እዚያው አደርሳለሁ። እርሷ ከፋብሪካው ፈረቃ ስትወጣ ምግብ ታመጣልኛለች፤ መብላቴን ሳታይም አትሄድም።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። ያንቺው ሕመም እኔንም አገኘኝ። ሐኪሙ ኩላሊቶቼ መድከማቸውን፣ ደሜም እንዳንቺ በማሽን መታጠብ እንዳለበት ነገረኝ። እህትሽ ይህን ሰምታ ከጎንደር በመጣ ሰው እጅ ጸበል ላከችልኝ። የላከችውም ቃል ያው ለአንቺ የላከችው ነው፤ ከሕክምና ጋር እንዳይቀላቀል።

አንቺ ያን ቃል ተቀብለሽ ሱባኤ ገባሽ፤ እጥበቱንም ተውሽ። ጸበል ሐኪምን አይጠላም ብዬ ስለምንሽ፣ «መሪጌታ፣ ያን ሁሉ ዘመን በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ የለመኑት ሐኪም ሊሰብኩልኝ ነው?» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ውኃ በልክ እንድትጠጪ የታዘዝሽ ሴት ጸበሉን ያለ ልክ ጠጣሽ። እግርሽ አበጠ፤ ትንፋሽሽም አጠረ።

ሕሙማንን የሚያመላልሰው ሐሰን፣ ያ ከሜዳው ማዶ ካለው የአረብ መንደር የሚመጣው ሰው፣ አልሄድም ካልሽ በኋላም ተራሽ በደረሰ ቁጥር መኪናውን ከደጃችን እያቆመ ያንኳኳ ነበር። በዚያ በተሰባበረ ዕብራይስጥሽ፣ «ልጄ፣ እኔ በእግዚአብሔር ታምኛለሁ፤ አትልፋ» አልሽው። እርሱም፣ «እማማ፣ እኔም በአላህ ታምኜ ነው የምነዳው፤ ፍሬኑን ሳላይ ግን ከቤቴ አልነሣም» አለሽ። ሳቅሽ፤ ከአልጋሽ ግን አልተነሣሽም። ሱባኤሽ ሳይፈጸም ዐረፍሽ።

ሐሰን ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ከአጠገቤ በተቀመጠ ጊዜ፣ እነርሱ ተወኩል የሚሉትን መታመን አስረዳኝ። ልብ ፍጻሜውን ለአላህ ይተዋል፤ እጅ ግን የታዘዘውን ሥራ አይተውም። ነቢያቸው ሕመምተኛ መድኃኒት እንዲፈልግ ማዘዛቸውን፣ ፈውሱ ግን ከፈጣሪ እንጂ ከመድኃኒቱ እንዳልሆነ ነገረኝ። በጎንደር አዲስ ዓለም የነበሩት እስላም ሸማኔ ወዳጆቻችን ሰበቡን ማድረስ ይሉት የነበረው ይህንኑ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሐዘን አስቆጥቶኝ፣ «ታክማ ብትሞትስ ኖሮ ምን ትለኝ ነበር?» አልሁት። እርሱም ሴት ልጁን ያላሳያት ሐኪም እንዳልነበረ፣ ሁሉን አድርጎም በገዛ እጁ እንደቀበራት ነገረኝ። «የእኔን አድርሻለሁ፤ የቀረው የእርሱ ነበር» አለና ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ። መታመኑ ሐዘኑን አላነሣለትም። እኔም ከዚያ በኋላ አልተከራከርሁትም።

በሃይማኖት እንለያያለን፤ እኔ በተማርሁበት እሞታለሁ። ነገር ግን ቅዳሴውንም ዜማውንም ተምሬ በቃል ብቻ የያዝሁትን መታመን፣ ያ ሰው ጠዋት ጠዋት ደጃችን ላይ ሲሠራው አየሁ። ማንኳኳቱ ግን ለአንቺ አልጠቀመሽም። ይህ ሲያንገበግበኝ ይኖራል።

ነገ የእኔ ተራ ነው። እሄዳለሁ። ማሽኑ ጥቂት ዕድሜ እንጂ ጤና እንደማይሰጠኝ ሐኪሙ አልደበቀኝም፤ ዘውዲቱም ይህን ሰምታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። ጸበሉንም አልጥለውም። ከተፈቀደልኝ ውኃ ላይ ቀንሼ አንድ ጉንጭ ያህል እጠጣዋለሁ፤ በቀረው ፊቴን እታጠብበታለሁ። እህትሽ ትቀየመኝ ይሆናል።

ጥሩዬ፣ በዚያ ማሽን አጠገብ እጄን ዘርግቼ በምተኛበት ሰዓት ሁሉ ስምሽን በጸሎቴ አነሣለሁ። ልጆቻችን በዚህ አገር ቋንቋ ያስቡሻል፤ እናትሽ ባወጣችልሽ የክርስትና ስም ጠርቶ የሚጸልይልሽ ግን ከእኔ በቀር ማንም አልቀረም። የምሄደውም እግዚአብሔር እስከ ፈቀደልኝ ቀን ድረስ ያ ስም እንዲጠራ ነው።

ባለቤትሽ