ይድረስ ዋና ለማይችሉት ዋና አሠልጣኝ

ለተከበሩ የሐይቁ ታንኳ ክበብ ዋና ኃላፊና ዋና አሠልጣኝ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉንፋንዎስ ለቀቀዎት? እኔ ባለፈው ቅዳሜ ከጠጣሁት የሐይቅ ውሃ በቀር ደህና ነኝ።

አስቀድሜ ኃጢአቴን ልናዘዝ። ከትናንት ጀምሮ ቢሮዎን ገልብጠው የሚፈልጉት የታንኳ መጋዘን ቁልፍ ቀኝ ካልሲዬ ውስጥ ነው። ቢቆረቁረኝም በክብር ይዤዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ታናሽ ወንድሜ ነገ ጠዋት ከጀማሪዎች ጋር ሊቀዝፍ ተመዝግቧል፤ እሱ ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚችለው መጮህ ብቻ ነው።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

1ኛ፦ በሩ ላይ ያስለጠፉት ማስታወቂያ «ዋና አሠልጣኝ ሁልጊዜ በቦታው ይገኛል» ይላል። እናቴም ዋና የሚያስተምር ሰው አለ ብላ ደስ እያላት ፈረመች። ቅዳሜ ታንኳዬ ተገልብጣ «ይግቡና ያውጡኝ!» እያልኩ ስጮህ ግን፣ እርስዎ ዳር ቆመው «እኔ ዋና አሠልጣኝ ነኝ እንጂ የዋና አሠልጣኝ አይደለሁም!» ብለው አስረዱኝ። ሰዋስው እስከ አፍንጫዬ ሰምጬ ስማር የመጀመሪያዬ ነውና ምስጋናዬ ይድረስዎ። ያወጣኝ የክበቡ አትክልተኛ የወረወረልኝ የውሃ ማጠጫ ጎማ ነው።

2ኛ፦ ነፋሱን የሚለኩት በባርኔጣዎ ነው፤ ባርኔጣዎ ካልበረረ ሐይቁ ሰላም ነው ይላሉ። ባርኔጣዎ ግን አገጭዎ ሥር በክር ታስሯል።

3ኛ፦ ተንሳፋፊ ጃኬቶቹ እንዳይቆሽሹ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። እንኳን እኛን ሊያድኑ፣ እነሱ ራሳቸው ውሃ አይተው አያውቁም።

ስለ ወንድሜ «ልጅ ነው፣ ይለምደዋል» ብለዋል። ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ያስተማራችሁን ግን እናንተው ታላላቆቻችን ናችሁ። ልጁ አልጋው ላይ በመጥረጊያ መቅዘፍ ሲለማመድ ሁለት ጊዜ ወድቋል። ወለሉ ጥልቀት የለውም፤ ሐይቁ አለው።

ጃኬቶቹ ከወጡ፣ የሚዋኝ ሰው ዳር ከቆመ፣ ልጆቹም እስከ ወገብ በሚደርስ ውሃ ከጀመሩ ቁልፉ በሰላም ይመለሳል።

ከጥልቅ አክብሮት ጋር (ጥልቀቱ ሦስት ሜትር ተኩል ነው፤ ወርጄ አይቼዋለሁ)፣
እርስዎ «ምላጭ» የሚሉኝ፣ አንዴ ሰምጬ የተረፍኩ ተማሪዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በሩ ላይ ስለጥፍ ማስታወቂያዎንም በእስክሪብቶ አርሜዋለሁ። አሁን «ዋና የማይችል ዋና አሠልጣኝ ሁልጊዜ በቦታው ይገኛል» ይላል፤ እናቶች ይህን አንብበው ይፈርሙ። የቀረውን እንዳልጨምር እርስዎ ከኋላዬ «አንቺ ምላጭ! ነይ እዚህ!» እያሉ ነው። የምሸሸው በሐይቁ፣ እስከ ወገብ በሚደርሰው በኩል ነው፤ እንደማይከተሉኝ አውቃለሁ።