ያስጠበቅኩሽ ሁለት ምት

ኩምባኮናም፣ ከወንዙ ዳር

ለምወድሽ የልጅ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የተራራው ብርድ በረታብሽ ወይ? እኔ ከጉልበቴና ከጥርሴ በቀር ደህና ነኝ። ወንዛችን ካቬሪ ሞልቷል። እናትሽ ሩዝ በእርጎ ለውሳ ሦስቴ ካልጠራችኝ አልነሳም፤ ኩራት ይመስላታል።

ግድግዳ እያዩ በጸጥታ ከሚቀመጡት ከዜን መነኮሳቱ ጋር ግድግዳ ላይ ስታፈጪ አራት ዓመት ሞላሽ። ግድግዳው እስካሁን ሰላምታ አልመለሰልሽም? ተይው፣ ቀልዴን ነው። የላክሽውን ደብዳቤ ግን መነጽሬን እየወለወልኩ ደጋግሜ አነበብኩት። «አያቴ፣ ሌሎቹ ጸጥታን ለማግኘት ይታገላሉ፤ እኔ ስቀመጥ ደስታው ቀድሞኝ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። መጀመሪያ ያገኘሁት የዚያን ቀን በመቅደሱ አዳራሽ ቀጥ ብዬ ስቆም ነው» ብለሻል።

ያ ቀን! ቃጭሉን ባርኬ እግርሽ ላይ ያሰርኩልሽ፣ በሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ለጭፈራው አምላክ ለሺቫ የጨፈርሽበት ቀን። እንደ ወጉ ጎንበስ ብለሽ መሬትን ነካሽ፤ ልረግጥሽ ነውና ይቅር በይኝ አልሻት። እኔ መምህርሽ በዱላዬ ምቱን እመራለሁ። አንድ እግር የሚነሳበት ቦታ ስትደርሺ ቆምሽ። እግርሽ አየር ላይ፣ ፊትሽ የሞላ ጨረቃ። እኔም ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ «አንቺ ፈዛዛ፣ ቆጠራው ጠፋብሽ!» ብዬ ጮህኩ። ሲያልቅ ቃጭሉን ፈታሁብሽ። መምህር የፈታውን ቃጭል እሱ ካላሰረው ማንም እንደማያስረው፣ ያለ ቃጭልም እንደማትጨፍሪ እያወቅሁ።

አምና የሞተው ከበሮ መቺያችን ቫይቲሊንጋም ሊሞት ሰሞን ሊሰናበተኝ መጥቶ ነበር። አፉን ጆሮዬ ላይ ገጥሞ «አንተ ሽማግሌ፣ እስከ መቼ ነው የምትዋሸው? ሁለት ምት የዘለልከው አንተ ነህ። ልጅቷ ወደ ምቱ እስክትመለስ ጠበቀችህ» አለኝ። እኔም «አንተ ከበሮውን እንደ ድመት ስትዳብሰው ምን ላድርግ!» አልኩት። አልሳቀልኝም።

የማውቀውን ነው የነገረኝ። ያኔ የከበሮው ድምፅ በድንገት ከጆሮዬ ጠፋብኝ። ቃጭልሽን ፈለግሁ፣ እሱም የለም። ቀና ስል አንቺ ቆመሻል። ፈራሁ። ሃምሳ ዓመት ምት ስቶ አያውቅም የተባልኩ ሰው፣ ጥፋቴን ባንቺ አላከክሁ። አንቺም እያወቅሽ ለማንም አልተነፈስሽም።

አሁን ጠዋት ጠዋት እኔም ግድግዳ ፊት እቀመጣለሁ። አትሳቂ! ሁለቴ እንቅልፍ ጥሎኝ ከምንጣፌ ተንከባልያለሁ። በሦስተኛው ግን ያቺ የቆምሽባት ቅጽበት መጣችልኝ። ስትጠብቂኝ ደስ ብሎሽ ነበር። እኔ ደስታሽን ነው የሰደብኩት።

አንቺ መሬትን ከመርገጥሽ በፊት ይቅርታ ትለምኛለሽ፤ እኔ ሰው ከረገጥኩ ከአራት ዓመት በኋላ። ቃጭሉን ወልውዬ አስቀምጫለሁ። ለመከር በዓል ነይና ጎንበስ ብዬ ልሰርልሽ። ጉልበቴ እምቢ ካለ አንቺ እግርሽን ታነሻለሽ፤ ለምደሽዋል።

እግርሽ አይዛል፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልም። ስትመጪ ከደጅ ቆመሽ አትጣሪኝ። ግቢና ወለሉን በእግርሽ ምቺው፤ እሱን በእግሬ አውቀዋለሁ።

ያስጠበቀሽ አያትሽ