ዲንቄ ለምስክር ወረቀቴ የመጣች ቀን

የካ ሚካኤል፣ ኅዳር 8 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ፣

ጥፋቱ የዲንቄ ነው። ይህን ካስቀደምኩ በኋላ ጤናሽን ልጠይቅ። አሰላ እንዴት ይዞሻል? ደረትሽን ተሻለሽ? እኔ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጉልበቴን ከመያዙ በቀር ደህና ነኝ።

ዲንቄን ታውቂያታለሽ፣ የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር። ነሐሴ ላይ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ሳገኝ፣ ሁለት ሴቶች አስከትላ እንኳን ደስ አለዎት ልትለኝ መጣች። ገና ከመቀመጣቸው ልጅሽን አስቴርን ጓዳ አልጋዋ ላይ እንዳለች በሽታዋ ጣላት። የአልጋው ሽቦ ሲንቋቋ ሰማሁ። ዲንቄ ምንድን ነው ብትለኝ፣ ልጅቷ ተኝታ እየተገላበጠች ነው አልኳት።

አሳየች የምትባለው ነርስ ያስተማረችኝን አልረሳሁም። በጎኗ አስተኚያት፣ አፏ ውስጥ ምንም አታስገቢ፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ መድኃኒቱን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በመቀመጫዋ ስጪ። ኪኒኑ በሽታውን አልይዝ ስላለ፣ ሲጠናባት የሚያቆምላት ይሄ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሦስት ሴት ተቀምጦ የልጅ ልብስ ልገልብ? በማግስቱ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ሁሉ ሊያወራብኝ?

ዲንቄ ጋዜጣ ዘርግታ፣ እስቲ ያንብቡልን እትዬ፣ ወይስ ወረቀቱን በዘመድ ነው ያገኙት ብላ ሳቀችብኝ። አነበብኩ። የሽቦው ድምፅ ሲበረታ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ስጨርስ አጨበጨቡልኝ። ሁለተኛውን ገጽ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔው ገለጥኩት።

ሸኝቻቸው ስገባ ከንፈሯ ጠቁሯል። መድኃኒቱን ሰጠኋት፤ ቆመላት፤ ግን ብዙ ቆይቶ ነበር። እኔ ሳላይ በሽታው ድንገት ባሰባት ብዬ የጻፍኩልሽ ውሸት ነው።

ዲንቄ ኋላ ስትሰማ፣ ምነው እትዬ፣ የወንድሜን ልጅ እንዲሁ እየጣለው በእጄ አሳድጌው የለ፣ አብሬዎት አልይዛትም ነበር? አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አላናግራትም።

አስቴር ትበላለች፣ ደጅ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። ውኃ ሲጠማት እንደ ድሮው አትጠራኝም፤ በጣቷ ታሳየኛለች።

አምላክ ደረትሽን ይማርልሽ፤ ፊትሽን ለማየት ያብቃኝ፤ ብትቆጪኝም። ባለፉት ሁለት ደብዳቤዎች ግርጌ፣ እማዬን ሳሚልኝ ብላለች ያልኩሽን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ከእንግዲህ በእሷ ስም ሰላምታ አልጽፍም።

እናትሽ