የጉልላቱ ጨዋታ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለኤሊዬሰር፤

ጤናህ እንዴት ነው? የአንቶፋጋስታ ብርድ ደረትህን ተወት አደረገህ ወይ? ሌይዲስ እንዴት ናት? ልጆቹስ አደጉ? እኛ እዚህ ቦካቺካ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ውሸት ሆነብኝና ተውኩት። አክስታችን ኡባልዲና ደህና ናት፣ ጉልበቷን ብቻ ያማታል። እኔም ጤነኛ ነኝ። የምጽፍልህ ስለ አባባ ነው።

በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩን የሚያነሡት እሳቸው ስለሆኑ ነው። እንደምታውቀው ድምፁን ከፍ አድርገው ጎረቤቱን ሁሉ ካላሰሙ የተነጋገሩ አይመስላቸውም። ይህን ወረቀት ወደ እናንተ አገር ለሥራ የምትመጣው ጎረቤታችን ያኔት ታደርስልሃለች። እባክህ ብቻህን ሆነህ አንብበው።

አንተ ከሄድክ በኋላ አባባ አንድ ጨዋታ አምጥተዋል። ለጉብኝት የመጡ እንግዶችን ከደሴቶቹ በጀልባዋ ወደ ከተማ ሲመልሱ፣ ስፔኖች በድሮ ዘመን ከባሕሩ ሥር የሠሩት ግንብ ጋ ሲቃረቡ፣ ሞተሩን ቀዝቀዝ ያደርጉና “እስቲ ዓይነ ጥሩው ማነው? የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ከነጩ ፎቅ ጀርባ ብቅ ሲል ቀድሞ ያየ ይጩህ፤ ኮካዳ ከእኔ” ይላሉ። አክስታችን በኮኮናትና በስኳር የምትሠራውን ጣፋጭ የማይወድ የለምና ሁሉም አንገቱን ያሰግጋል። በግንቡ ላይ ያለው ማለፊያ የት እንደሆነ መቼም አልረሳህም፤ ጉልላቱ ብቅ ባለበት ቅጽበት መሪውን ካላዞርክ ድንጋዩ ላይ ነህ። እኔ ጨዋታ ነው ብዬ ከሰው ጋር ስስቅ ከረምኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ለእንግዶቹ ምሳ የምታቀርበው ልጅ ስለታመመች የተጠበሰውን ዓሣና የኮኮናት ሩዙን ይዤ እኔ ሄድኩ። ስንመለስ አሥራ አራት ሰው ተሳፍሯል፤ አንዷ አራስ ናት። ከቦጎታ የመጣ አንድ ወፍራም ሰውዬም ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲበላ ነው የዋለው። አባባ ጨዋታቸውን ጀመሩ። ጉልላቱ ገና አልታየም። ሰውዬው ግን ሚስቱን ጠቀስ አድርጎ “ጉልላት!” ብሎ ጮኸ፤ ኮካዳዋን ፈልጎ ነው። አባባ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ መሪውን አዞሩት።

ከእግሬ ሥር ድንጋይ ሲፋቅ ሰማሁ። ጀልባዋ ቆመች፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ አጓርቶ ጠፋ። ማዕበሉ ጎኗን መታት፤ ሁለተኛው ገብቶ አበስብሶን ሄደ። አራሷ ልጇን ከራሷ በላይ አንሥታ ያዘች። አባባ ወደ እኔ ጎንበስ አሉና ቀስ ብለው “ኤነዲስ፣ ድንጋዩ በየት በኩል ነው?” አሉኝ። ድንጋዩ እኮ ክንዳቸው ሥር ነው። ውሃው ጥርት ብሎ በላዩ የበቀለው ሣር ሳይቀር ይታየኛል። ወንድሜ፣ ያን ጊዜ ከማዕበሉ ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ጥያቄ ነው።

እግዜር ይመስገን፣ ሦስተኛው ማዕበል አንሥቶ አሳለፈን፣ ሌላ ጀልባም ጎትቶ አወጣን። አባባን ታውቃቸዋለህ መቼም፣ ወዲያው “ስፔኖች ይህን ግንብ የሠሩት ለእንግሊዝ መርከብ ነበር፤ ይኸው የቦጎታ ሰውም ያዘ” ብለው እንግዳውን ሁሉ አሳቁት። ሰውዬውም ኮካዳውን ተቀበለ። ቤት ስንደርስ በሩ ላይ የተሰቀለውን መረብ “ኡባልዲና፣ እንዴት ዋልሽ?” አሉት።

በማግስቱ ለብቻቸው ሳገኛቸው “አባባ፣ ጉልላቱ ይታይዎታል?” አልኳቸው። “አሥራ አራት ሰው እያየልኝ እኔ ምን አደከመኝ?” ብለው ሳቁ። እኔ ሳልስቅ ስቀር “ጥላ ጥላው ይታየኛል። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ” አሉኝ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው “የማውቀውን ሊነግረኝ?” አሉ። እንግዲያው ጀልባዋን ሌላ ሰው ይንዳት ስል ተቆጡ። “ጀልባዋ የኤሊዬሰር ናት። እሱ መጥቶ እስኪረከበኝ ነው የያዝኩለት። የልጄን ንብረት ለማን ልስጥ?” አሉ።

ሞተሩ ተጠግኖ እሑድ ይመጣል። ሆሳዕና ሁለት ሳምንት ቀረው፤ ያ ሰሞን እንግዳው እንዴት እንደሚጎርፍ ታውቃለህ፣ አባባ በቀን ሁለት ጊዜ ይመላለሳሉ። ፈርቻለሁ። ለወደቡ ሹሞች ልናገር ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለቴም ከመንገድ ተመለስኩ፤ በሰው ፊት ከጀልባቸው ሲያወርዷቸው ለማየት አቅም አጣሁ። ዝም ካልኩ ደግሞ አንድ ሕፃን ቢሰጥም እጄ አለበት።

አንተ ግን ልታስቆማቸው ትችላለህ። አምና ለገና እመጣለሁ አልካቸው፤ ካቻምናም ብለሃቸው ነበር። እንደማትመጣ እኔም አንተም እናውቃለን። እዚያ ቤት ሠርተሃል፣ ልጆች ወልደሃል፤ አልፈርድብህም። ግን ንገራቸው። “አባባ፣ እኔ አልመለስም፣ ጀልባዋን ይሽጧት” በላቸው። ልባቸው እንደሚሰበር አውቃለሁ። ቢሆንም ንገራቸው።

ሌይዲስን ሳምልኝ። ለትልቁ ልጅህ ለሳሙኤል፣ ፎቶዋን ብቻ ለማውቃት ለትንሿ ለሉስ ዳሪ ሰላምታዬ ይድረስ። አክስታችን ኡባልዲና አንገትህን አቅፋ ስማሃለች፤ ኮካዳም በያኔት ልካለች፣ ከልጆቹ ደብቀህ እንዳትጨርሰው ብላለች።

እዚህ ላይ ልዘጋው ስል አባባ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። “ለማን ነው?” አሉኝ፤ ነገርኳቸው። “ስለ ዓይኔ ጽፈሻል?” አሉ። አልጻፍኩም ብዬ ዋሸሁ። “አምጪው፣ እኔ ራሴ ሰላም ልበለው” ብለው ብዕሩን ተቀበሉኝ። ገጹ ከታች ባዶ ነበር። እጃቸውን ይዤ እዚያ ላሳርፍላቸው እችል ነበር፤ አልያዝኳቸውም። “ልጄ፣ ዓይኔ ደህና ነው፣ ጀልባህም ደህና ናት” ብለው የጻፉት ከላይ “ግን ንገራቸው” ካልኩህ መስመር ላይ ተደርቦ ታገኘዋለህ። በሌላ ወረቀት ልገለብጠው አሰብኩና እንዳለ ላክሁልህ።

እህትህ ኤነዲስ
ቦካቺካ፣ ማርች 9 ቀን 2018